ወደ ምዕራብ የላክናቸው

ኤርሊን ትራሃን በወረዳችን የመንገዶች መሥሪያ ቤት የትራፊክ ኃላፊ ነበረች። እኔ ዳድሊ ሞ ደግሞ ሾፌሯ፣ የመንገድ መዝጊያ ኮን ደርዳሪዋ፣ ሲብስባትም ንዴቷን የምታበርድብኝ ሰው። ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። ስለዚያ ቀን የሚወራው መዓት ነው፤ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የመጠጥ ቤት ወሬ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከአጠገቧ አልተለየሁምና ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሎሬታ የተባለችው አውሎ ነፋስ ባሕረ ሰላጤው ላይ ስትነሣ የአየር ጠባይ አጥኚዎቹ ከእኛ በስተምሥራቅ ትመታለች አሉ። በየቀኑ ካርታ ያወጣሉ፣ በየቀኑ መስመሩ ወደ ምሥራቅ ያሳያል። ቢሆንም ባሕሩ ዝቅተኛውን አገር ሁሉ ሊያጥለቀልቅ ይችላል ተብሎ የባሕር ዳሩ ሰው በሙሉ እንዲወጣ ታዘዘ። በእኛ በሉዊዚያና ደቡብ መውጫ ማለት ደግሞ አንድ አውራ ጎዳና ነው። እሱንም ገልብጠነው ነበር፤ ወደ ባሕሩ የሚወርዱትን መስመሮች ዘግተን፣ ግራም ቀኝም ያለው አስፋልት ሁሉ ሰውን ወደ ሰሜን ብቻ እንዲያወጣ አድርገን። እንዲያም ሆኖ አልበቃም።

ጣጣው ድልድዩ ነው። ከእኛ መገንጠያ በስተሰሜን መንገዱ ረግረጉን የሚሻገርበት፣ ወዲያኛው ጫፉ የማይታይ ድልድይ አለ። አንዴ ከገቡበት መውጫ የለውም፤ ግራ ቀኙ ጥቁር ውሃና ከውሃው ውስጥ የበቀለ ዛፍ ነው። በዚያ ጠዋት ድልድዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመኪና ጢም ብሎ ቆሟል። አንዱ ነዳጅ ይጨርሳል፣ የአንዱ ሞተር ይፈላል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ እንደታነቀ ይቀራል። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጣል። ሰው በሩን ከፍቶ አስፋልቱ ላይ ተቀምጧል። ልጅ ያለቅሳል፣ ውሻ ይጮኻል፣ አንዷ የመኪናዋ ኮፈን ላይ ቋሊማ ዘርግታ ለጎረቤት ታድላለች።

ኸርሽል የሚባል አንድ ሰውዬ ፒካፑ ላይ ትልቅ የሳሎን ወንበር ጭኖ አማቱን አስቀምጦበታል። አሮጊቷ ጥላ ዘርግተው ሕዝቡን ቁልቁል ይገመግማሉ።

“ይሄን ሁሉ ወንበር ምን አስጫነህ?” አለው ሮድኒ። ሮድኒ መገንጠያው ላይ አብሮን የተመደበ የወረዳው ፖሊስ ነው።

“ወንበሩን ትቼ ብመጣ እሳቸው አይመጡም። እሳቸውን ትቼ ብመጣ ሚስቴ አትመጣም። ስለዚህ ሁሉንም ጫንኩ።”

“እሰማሃለሁ፣ ኸርሽል!” አሉ አማቱ ከላይ።

ሳቅን። ኤርሊን ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ድልድዩ ላይ ነው።

“ዳድሊ” አለችኝ፣ “ነፋሱ ማታ ሲደርስ ይሄ ሁሉ ሰው እዚያ ላይ እንደቆመ ያገኘዋል።”

ምን እንደታያት አውቃለሁ። ገና ሥራ የጀመረች ሰሞን ከዚህ በጣም ያነሰ ነፋስ አንድ የጭነት መኪና ከነሾፌሩ ከዚያው ድልድይ ላይ አንሥቶ ረግረጉ ውስጥ ሲጥለው በዓይኗ አይታለች። ሾፌሩን ያወጡት በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን ድልድይ አምናው አታውቅም።

በሬዲዮ ዋናው ከተማ ያሉትን አለቆች ጠራቻቸው። ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ አንደኛው፣ “መሬት ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ፣ የመሰለሽን አድርጊ” አላት። ሬዲዮውን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

“ይሄ በእነሱ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?”

“ምን ማለት ነው?”

“ከሰመረ የእነሱ፣ ካልሰመረ የእኔ ማለት ነው።”

ከመገንጠያው ወደ ምዕራብ የሚሄድ አሮጌ መንገድ አለ፤ አንድ መስመር መሄጃ፣ አንድ መስመር መምጫ፣ የሩዝ እርሻ ለእርሻ እየተጠማዘዘ እስከ ቴክሳስ የሚዘልቅ። ባዶ ነበር። ማንም ሊሄድበት አልፈለገም፤ ዘመዱም፣ የያዘው አልጋም፣ የሚቀበለው ሆስፒታልም ያለው በሰሜን ነዋ። ኤርሊን ቆርጣ ተነሣች። ከአሁን ጀምሮ ከባሕሩ የሚመጣ መኪና ሁሉ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ ድልድዩ አዲስ መኪና ካልገባበት የያዘውን ቀስ በቀስ ይተፋል። አውሎ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ ምዕራብ ከሁሉም የተሻለ ደህና ነው። ሒሳቡ ይሄ ነበር። ዛሬም ቢሆን ስሕተቱን አሳየን ብትሉኝ ላሳያችሁ አልችልም።

“ለምን የፈለገ ሰሜን፣ የፈለገ ምዕራብ አይሄድም?” አላት ሮድኒ።

“ምርጫ ከሰጠኸው ሁሉም ሰሜንን ነው የሚመርጠው።”

“ልመና ሲመጣብሽስ?”

“አምቡላንስ ይለፍ። ሌላ ማንም አይለፍ። እናትህም ብትሆን።”

ኮኖቹን ደረደርን፣ ሁለት የእንጨት አጥር አቆምን፣ የሮድኒን መኪና ሰማያዊ መብራቱን እያበራ ወደ ሰሜን በሚወስደው መግቢያ ላይ ገተርነው። ከዚያ ስድብ ጀመረ። የሰማሁትን ሁሉ ብነግራችሁ ይሄን ወረቀት ቤት ውስጥ አታስቀምጡትም። አንዷ ጫማዋን ወረወረችብኝ። አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ወንድሜ የሚጠብቀኝ በሰሜን ነው! ቴክሳስ ውስጥ ምን አለኝ?” አላት።

“ሕይወት አለህ” አለችው ኤርሊን። “ቀጥል፣ ከኋላህ ሰው አለ።”

ኸርሽልም አማቱን ከነወንበራቸው ይዞ ታጠፈ። አሮጊቷ ሲያልፉ በጥላቸው ጫፍ ጠቆሟት፤ “ፊትሽን አይቼዋለሁ፣ እንዳልረሳሽ” አሏት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ድልድዩ ላይ የቆሙት መኪኖች ትንሽ ትንሽ መንፏቀቅ ጀመሩ። ኤርሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ጠጣች። ያኔ ነው የጄኔልን ሰማያዊ መኪና ያየሁት።

ጄኔል የኤርሊን ታናሽ እህት ናት። አጠገቧ አባታቸው አባባ ኡሊስ ተቀምጠዋል፤ አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ፣ ጉልበታቸው ላይ ባርኔጣቸው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በሙሉ ሽሪምፕ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ሲያጠምዱ የኖሩ፣ ሳንባቸው አልቆ ምላሳቸው ያላለቀ ሰው ነበሩ። ጄኔል በሰሜን አንድ ሆስፒታል አልጋ አስይዛላቸዋለች።

“ኤርሊን፣ እንኳን አንቺ ሆንሽ!” አለች ጄኔል መስኮቱን ዝቅ አድርጋ። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። “ኮኑን አንሺልኝ፣ ልለፍ።”

 ኤርሊን ጎንበስ ብላ ክንዷን መስኮቱ ላይ አሳረፈች።

“ወደ ምዕራብ ነው የምትሄዱት፣ ጄኔል። የሴንት ኦዲልን ከተማ አልፋችሁ ወደ ላይ ትታጠፋላችሁ። እዚያ ክሊኒክ አለ።”

“ቀልዱን ተይው። የአባዬ አልጋ ያለው በሰሜን ነው።”

“አውቃለሁ።”

“የያዝነው ኦክስጅን ሁለት ሲሊንደር ብቻ ነው።”

“አውቃለሁ አልኩሽ።”

“አምቡላንስ ስታሳልፊ አይቻለሁ! አሁን፣ ከፊቴ!”

“አምቡላንስ ነዋ።”

“አባታችንስ ምንድን ነው? ዕቃ ነው?”

ሮድኒ ወደ ኤርሊን ጆሮ ተጠጋ። “አንድ መኪና ነው፣ የኔ እመቤት። እኔ ፊቴን ላዙር። ማንም አያይም።”

ኤርሊን ቀና ብላ ከጄኔል ኋላ ያለውን ሰልፍ አየች። ሁሉም እያየ ነበር። እዚያው ከኋላ አረንጓዴ መኪና ውስጥ አንዲት አሮጊት ተመሳሳይ ቱቦ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ኮኑን፣ ከኮኑ ደግሞ ኤርሊንን ታያለች።

“አንቺን ካሳለፍኩ እሷን አሳልፋለሁ” አለች ኤርሊን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “እሷን ካሳለፍኩ ከእሷ ኋላ ያለውን። ከዚያ ድልድዩ ተመልሶ ይቆማል። እባክሽ፣ ጄኔል። ቆመሽ አትለምኚኝ፣ አልችለውም።”

አባባ ኡሊስ ሳል ይዟቸው ቆየና፣ “እኔ ቤቴ ልቀመጥ ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም” አሉ። ከዚያ ኤርሊንን ሽቅብ አዩዋት። “ሳሳድግሽ እንቢ ማለት አላስተማርኩሽም። ከየት አመጣሽው?”

“ከእማዬ።”

“እሱስ እውነትሽን ነው” አሉ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ።

ጄኔል አልሳቀችም። “እሺ” አለች። “እሺ፣ ኤርሊን። ይሄን ግን እንደማልረሳው እወቂ።” መስኮቱን ዘጋችና ወደ ምዕራብ ታጠፈች። ሽማግሌው ወደ ኋላ ሳይዞሩ ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉ። አረንጓዴዋም መኪና ተከተለች።

ኤርሊን ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች።  እኔ ነፋስ የገፋውን ኮን እያነሣሁ መልሼ አቆምኩ።

ከቀትር በኋላ ድልድዩ መፍሰስ ጀመረ። እውነቴን ነው፣ ደስ የሚል ነገር ነበር፤ ያ ሁሉ የተኛ ብረት ነቅቶ ሲሄድ። ሮድኒ አጨበጨበ። ኤርሊን ጥርሷ ታየ። “ከነፋሱ በፊት ይወጣሉ” አለችኝ፣ “ሁሉም ይወጣሉ።” ሰማዩ ግን ጠቁሯል፤ ደመናው ከምሥራቅ እየመጣ ከላያችን እንደ ወፍጮ ይዞራል።

ብዙም ሳይቆይ ሬዲዮው ጮኸ። ሎሬታ ዞራለች። ባሕሩ ላይ ትንሽ ቆማ፣ ፊቷን አዙራ፣ ከእኛ በስተምዕራብ ወዳለው ባሕር ዳር እየመጣች ነው፤ ፍጥነቷም ጨምሯል። የሚናገረው ሰው ድምፁ ውስጥ ግራ መጋባት ነበር። “መገንጠያውን ልቀቁና በድልድዩ ወደ ሰሜን ውጡ” ብሎ ጨረሰ።

ኤርሊን ሬዲዮውን እንደያዘች ቀረች። የሰው ፊት ደም ሲሸሸው ይባላል፤ እኔ ያን ቀን አየሁት።

“ስንት መኪና ልከናል?” አለች።

መልስ ሳትጠብቅ ሬዲዮውን አስቀመጠች።

“ሮድኒ፣ ኮኑን ገልብጥ። የሚመጣውን ሁሉ አሁን ወደ ሰሜን ስደድ፣ ድልድዩ ይችላል። ዳድሊ፣ መኪናውን አስነሣ።”

“ወዴት?” አልኳት፤ እያወቅኩት።

“የላክናቸውን ልንመልስ ነዋ።”

“ውጡ ብለዋል እኮ።”

“የመሰለሽን አድርጊም ብለዋል።”

አስነሣሁ።

የምዕራቡ መንገድ ሴንት ኦዲል ላይ ባለው የባቡር ማቋረጫ ታንቆ ኖሯል። ሰልፉ ከዚያ ጀምሮ እስከ እኛ ድረስ ተንጠልጥሏል። ኤርሊን መንገዱን በጭንቅላቷ ይዛዋለች። “ከፊት ከጀመርን ሁሉም ባንድ ላይ ይጋጠማል” አለችኝ። “ከጭራው እንጀምር። ባዶው መስመር ላይ ንዳ። እኛ ስናልፍ ከኋላችን ያለው ዞሮ ይመለስ።” ድምፅ ማጉያውን ጣሪያው ላይ አስራ መስኮት ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ እኔ ቀበቶዋን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው እነዳለሁ። “ዙሩ! ወደ መገንጠያው ተመለሱ! ዙሩና ወደ ሰሜን ውጡ!”

ዝናቡ ጀምሯል። ሩዙ እርሻው ላይ ተኝቷል፣ ነፋሱ አጋድሞታል። ሰዎቹ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው፤ ስድቡ ጠዋት ከሰማነው ይብስ ነበር።

“ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ተመለሱ! እኛን መጫወቻ አደረግሽን?”

“አዎ፣ ስደበኝ! እየዞርክ ስደበኝ!”

ኸርሽል ያችን ፒካፕ በጠባቡ መንገድ ላይ ሲያዞር የኋላ ጎማው ቦይ ውስጥ ሊገባ ለጥቂት ነበር። አማቱ በላስቲክ ተጠቅልለው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሲያልፉን ምንም አላሉም። ባለመሳደባቸው ይበልጥ ፈራሁ።

መኪና እየዞረ፣ መኪና እየተመለሰ ሄድን። በየመኪናው ሰማያዊዋን እፈልጋለሁ። ኤርሊንም እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ ግን አንድም ጊዜ “አየኻት?” አላለችኝም። ዝም ብላ ትጮሃለች፤ ድምፅዋ አልቆ ትንፋሽ ብቻ እስኪወጣት።

ባዩ ኑዋር የሚባለው ወንዝ ጋ ስንደርስ መንገዱ አበቃልን። የወንዙ ድልድይ ዝቅ ያለ አሮጌ ድልድይ ነው። ወንዙ ወደ ባሕሩ ይወርዳል እንጂ አይወጣም፤ ያን ዕለት ግን ባሕሩ ይገፋው ስለነበር ወደ ላይ ይፈስ ነበር። ቡናማው ውሃ ድልድዩ ላይ ወጥቶ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ከዚህ ማዶ ያሉትን ሁሉ መልሰናል። ከወዲያ ማዶ ግን በዝናቡ ውስጥ ቀይ የኋላ መብራት ተሰልፎ ይታያል፤ ረጅም ቀይ መስመር።

ኤርሊን ስልኳን አወጣች። እስከዚያች ደቂቃ አይሠራም ነበር፤ አሁን ሠራ።

“ጄኔል! የት ናችሁ?”

ድምፁን ከፍ ስላደረገችው እሰማለሁ። “ወንዙን አልፈን ቆመናል። ምንም አይንቀሳቀስም። ሰዎች ተመለሱ ተብሏል ይላሉ፣ ልዞር ነው።”

“እንዳትዞሪ! ድልድዩ ተውጧል። ስሚኝ፣ ከፊትሽ በስተቀኝ የሩዝ ጎተራዎቹ ይታዩሻል? ትልልቆቹ የቆርቆሮ ጎተራዎች?”

“ይታዩኛል።”

“የባቡሩ ካብ ላይ ነው የተሠሩት፣ ከፍ ያለ ነው። አባዬን ይዘሽ እዚያ ውጪ። መኪናውን ተይው። ለጎረቤትሽ ንገሪ፣ ያም ለጎረቤቱ ይንገር። ሁሉም ወደ ጎተራው ይውጣ።”

 ከዚያ ጄኔል፣ “ጠዋትም ሂጂ ያልሽኝ አንቺ ነሽ” አለች።

“አውቃለሁ።”

“አሁንስ ልመንሽ?”

“እመኚኝ። እባክሽ እመኚኝ።”

መስመሩ ተቋረጠ። አምናት ይሁን አይሁን ሳናውቅ ቀረን።

መኪናችንን ድልድዩ አፍ ላይ አግድም አቆምኩት፤ ማንም እንዳይገባ። ከወዲያ ማዶ ግን ማን ይከልክል? ያለነው ከወዲህ ነው። አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ከሰልፉ ወጥታ ወደ ድልድዩ መጣች። ውስጧ ሁለት ወጣቶች ነበሩ፣ ወንድና ሴት። ተመለሱ የተባለውን ሰምተው መመለሳቸው ነው። ኤርሊን ውሃው ውስጥ ገብታ ሁለት እጇን አነሣች። “ተመለሱ! ወደ ኋላ!” ትላለች፣ ድምፅ ግን አልቀራትም፤ ድምፅ ማጉያውም ዝናብ ገብቶት ሞቷል። እኔም ጮህኩ፣ መብራት አብለጨለጭኩ። ልጁ መብራቴን ኑ የምላቸው መስሎት መሰለኝ፣ መብራቱን መልሶ አበራልኝ። ድልድዩ መሐል ሲደርሱ እየጨመረ የመጣው ውሃ ከጎን አነሣቸው። መኪናዋ ቀስ ብላ ዞረች፣ የድልድዩን የብረት አጥር ተደግፋ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ አጥሩ ለቀቀ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

ኤርሊን ውሃው ውስጥ ወደፊት ሄደች። ወገቧን ይዤ ጎተትኳት። መታችኝ፤ ከንፈሬን አደማችው። አልለቀቅኳትም። መኪናው ውስጥ ከትቼ ወደ መገንጠያው መለስኳት።

ሎሬታ ገና ሳይመሽ ከእኛ በስተምዕራብ ገባች፤ ባሕሩም ተከትሏት እስከ ሴንት ኦዲል ዘለቀ። ውሃው ሲጎድል ጀልባዎቹ ገቡ። ከምዕራቡ መንገድ አሥራ አንድ ሰው ሞቷል፤ ሁለቱ ወጣቶች ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ጎተራዎቹ ላይ የወጡት ከመቶ በላይ ናቸው፣ ከአባባ ኡሊስ በቀር ሁሉም ተርፈዋል። የሽማግሌው ሁለተኛ የኦክስጅን ሲሊንደር ያለቀው ጀልባ ከመድረሱ በፊት ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይሄ ነው፦ ነፋሱ ወደ ምዕራብ ስለዞረ ረጅሙ ድልድይ ላይ የደረሰው የተፈራውን ያህል አልነበረም። እዚያ ላይ ተኮልኩለው የቆዩ ቢሆን ኖሮ ረጥበውና ፈርተው ያድሩ ነበር እንጂ ምናልባት ማንም አይሞትም ነበር። ሰው ይሄን ቶሎ አወቀው። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየነዳጅ ማደያው የሚወራው ይሄው ሆነ።

በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የአየር ጠባይ ሰው መጥቶ ነፋስ ለምን እንደሚዞር አስረዳ፤ ማንም አልሰማውም። ከዋናው ከተማ የመጣ አለቃ ውሳኔው በወቅቱ በነበረው መረጃ ትክክል እንደነበር አነበበ። ሕዝቡ ጮኸበት። ከዚያ ኤርሊን ሳትጠራ ተነሣች።

“ወደ ምዕራብ የላክኋችሁ እኔ ነኝ” አለች። “በዚያ ጠዋት የማውቀውን ብቻ እያወቅኩ ዛሬም ብቆም፣ ወደዚያው ነው የምልካችሁ። ይሄ እኔን አያጽናናኝም። እናንተንም ያጽናናል ብዬ አልመጣሁም። ግን የወሰነው መረጃ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ስም የምትጠሩ ከሆነ የእኔን ጥሩ።”

 በቀይዋ መኪና የሞተው ወጣት አባት ከፊት ተቀምጦ ነበር። አያት፣ አያትና ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ጄኔልም ከኋላ ተነሥታ ወጣች።

በአባባ ኡሊስ ቀብር ላይ ሁለቱ እህትማማች የቆሙት በሬሳ ሣጥኑ ግራና ቀኝ ነው። አልተነጋገሩም። ከዚያም በኋላ ለወራት አልተነጋገሩም።

የብርዱ ወራት ሊገባ ሲል እኔና ኤርሊን የሽማግሌውን ቤት እናጸዳ ነበር። ባሕሩ ወለሉ ላይ ጉልበት የሚደርስ ጭቃ ትቶ ሄዷል፤ ግድግዳው ሻግቷል። አካፋ ለአካፋ ሆነን ስንዝቅ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን። ጄኔል ናት። የጎማ ጫማ አድርጋለች፣ አካፋም ይዛለች።

“ይቅር ልልሽ አይደለም የመጣሁት” አለች በሩ ላይ ቆማ። “ጭቃው ነው ያመጣኝ።”

“እሺ” አለች ኤርሊን።

ሦስታችንም ሠራን። እኔ ልወጣላቸው አስቤ ነበር፤ ሆኖም የምሄድበት ክፍል ሁሉ ጭቃ ነው። ብዙ ቆይቶ ኤርሊን አካፋዋን ተደግፋ ጠየቀች።

“አባዬ ፈርቶ ነበር?”

ጄኔል መዛቋን አላቆመችም። “ምን ይጠቅምሻል?”

“ልወቀው።”

“አዎ” አለች ጄኔል። “በጣም ፈርቶ ነበር። መጨረሻ ላይ እጄን እየጨበጠ እማዬን ይጠራ ነበር። አየር ስጪኝ ይለኝ ነበር፤ ደጋግሞ። ያቺ የአረንጓዴዋ መኪና ሴት ከእናቷ ሲሊንደር ላይ ትንሽ አካፈለችን። ለእናቷም አይበቃም ነበር፣ አካፈለችን። አልበቃውም።” አካፋዋን ወረወረችው። “የፈለግሽው ይሄን ነው? ቀልድ ተናግሮ ሞተ ብዬ ልዋሽልሽ ነበር። መንገድ ላይ አስቤው ነበር የመጣሁት። አልቻልኩም።”

ኤርሊን ጭቃው ውስጥ ተቀመጠች። እንደ ልጅ፣ እግሯን ዘርግታ። ጄኔል ቆማ አየቻት። አቅፋ አላነሣቻትም። ግን አልሄደችም፤ አካፋውን አንሥታ ወጥ ቤቱ ውስጥ ገባችና መዛቋን ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ ኤርሊንም ተነሣች።

ጄኔል ዛሬ የምትኖረው በሰሜን ነው። በገና ይደዋወላሉ፤ ስለ አየሩና ስለ ልጆቹ ያወራሉ፣ ከዚያ አያልፉም። ኤርሊን ሥራዋን አልለቀቀችም። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት፣ “የሚተካኝ ሰው ይሄን አያውቀውማ” ብቻ አለችኝ።

የባሕር ዳሩ ሰው ግን ተለውጧል። ብዙዎቹ፣ ከእንግዲህ ወዴት ሂዱ የሚለንን አንሰማም፣ ሞትም ከመጣ አልጋችን ላይ ያግኘን ይላሉ። ስለዚህ ኤርሊን በየዓመቱ የነፋሱ ወራት ከመግባቱ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ቤት እየዞረች በር ታንኳኳለች። እኔ እነዳላታለሁ። ማን መኪና እንደሌለው፣ ማን በሽተኛ እንዳለበት፣ ማን እንደማይወጣ ትጠይቃለች፣ ትለምናለችም። አንዳንዱ በሩን ከፍቶ ወንበር ይሰጣታል። አንዳንዱ በመጋረጃ አሻግሮ አይቷት መብራቱን ያጠፋል። ያኔ ደረጃው ላይ ትንሽ ትቆምና ወደ ቀጣዩ ቤት ትሄዳለች።